በፕላስተር ስለተሸፈነችው ብርቱካናማ መብራት

ግንቦት 2006 ዓ.ም.
ጭሮ (አሰበ ተፈሪ)

ለክቡር አቶ አምባው
የተሽከርካሪ ስምሪትና ጥገና ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ወገብዎስ እንዴት ነው? ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የመኪና ወንበር ላይ ተቀምጦ መዋል ወገብ እንደሚጎዳ ከሌሎች ደንበኞቼ ስለምሰማ የእርስዎ ነገር ያሳስበኛል። ባለቤትዎና ልጆችዎ ደህና ናቸው? ያቺ ነጭ መኪናስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ከእህቴ ከኢንሳፍ በቀር ሁላችንም አለን።

እኔን በመልክ ያውቁኛል። ስሜን ግን ላያውቁት ይችላሉ፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ የሚጠሩኝ «አንቺ፣ ዛሬ የተቀጠፈውን አምጪ» እያሉ ነው። ጣሂራ እባላለሁ። ከመሥሪያ ቤትዎ አጥር ማዶ፣ ከጥዱ ትይዩ ጫት የምሸጠው እኔ ነኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም እዚህ አልጠራም፤ በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ውስጡም ሥራቸውን በቅንነት የሚሠሩ ሰዎች ስላሉ ከእርስዎ ጋር አንድ ላይ መጥራቱ ደግ አልመሰለኝም።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ጠረጴዛዎ ላይ ማስቀመጥ ይገባኝ ነበር። ነገር ግን እርስዎ ስለ ሾፌሩ ስለ አብዲሳ የጻፉትን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፈው ከተማው ሁሉ እንዲያነበው ስላደረጉ፣ እኔም የእርስዎን አሠራር ተከትዬ በግልጽ መጻፉን መረጥኩ። በማስታወቂያዎ ላይ አብዲሳ ከመሰላ አንዲት ወላድ ይዞ ሲመጣ መኪናዋን በግዴለሽነት ነድቶ ሞተሯን ከመጠን በላይ በማጋሉ መንገድ ላይ እንደቆመች፣ በዚህም የተነሳ ወላዷ ሕይወቷ እንዳለፈ፣ ጉዳዩም በመጪው ሐሙስ በዲሲፕሊን ኮሚቴ እንደሚታይ ገልጸዋል። ወላዷ ስም አልተሰጣትም። ያቺ ወላድ ኢንሳፍ ናት፤ አብዲሳ ደግሞ እሷን ለማትረፍ የሚችለውን ሁሉ ያደረገ ሰው ነው። እሱ ከሥራው ተባሮ፣ ሰው ገዳይ ተብሎ ልጆቹን ይዞ በዚህ ከተማ እንዴት እንደሚኖር ሳስብ እንቅልፍ ስላጣሁ ነው የማስቸግርዎት።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ ጥላው አመሰግናለሁ። ያገለገለች ብትሆንም ወላድ እናቶችን እንድታመላልስ በስጦታ የመጣችልንን መኪና፣ ከምሳ በኋላ ጥዱ ሥር አስቁመው፣ መስኮቷን ዘግተው፣ ማቀዝቀዣዋን ከፍተው፣ ሞተሯን እንደበራ ትተው ከእንግዶችዎ ጋር በርጫ ይይዙባት ነበር። ስልካችሁም እዚያው ቻርጅ ይደረግ ነበር። እኔ ከማዶ ጫቴን በሙዝ ቅጠል እየጠቀለልኩ የሞተሯን ድምፅ እስከ አሥር ሰዓት እሰማለሁ። ስትወጡ አብዲሳ የጫቱን ገራባ ከወለሏ ይጠርግና መኪናዋን ወደ አጥር ግቢው ያስገባታል። በሳምንት ውስጥ ከዚያ ጥድ እስከ ገበያ፣ ከገበያ እስከ ቤትዎ ድረስ ካልሆነ በቀር ርቃ የምትሄድበት ቀን ጥቂት ነበር፤ ምክንያቱም «መኪናዋ እንዳትጎዳ» ይሉ ነበር።

እዚህ ላይ፣ ደብዳቤዬን የሚያነበው ሌላ ሰው እንዲገባው አንድ ነገር ላስረዳ። እርስዎን ለማስተማር አይደለም፤ በፊትዎ ተነግሮ ሰምተውታል። ይህቺ መኪና በጭስ ማውጫዋ ውስጥ የናፍታውን ጥቀርሻ የሚይዝ ማጣሪያ አላት። ጥቀርሻው ሲሞላ ሞተሩ ማጣሪያውን በኃይል ያግለውና አቃጥሎ ያጸዳዋል። ለዚህ ግን ሳትቆም ረጅም መንገድ መሄድ አለባት። ቆማ የምትንተከተክ ከሆነ ጥቀርሻው ይከማቻል እንጂ አይቃጠልም። ሲብስ ብርቱካናማ መብራት ታበራለች። መብራቷን የሚሰማ ከጠፋ ጉልበቷን ራሷ ትቀንሳለች። ከዚያም ከባሰ ትታፈናለች። የኔን ጫት የሚጭኑት አሮጌ መኪኖች እንዲህ ያለ ማጣሪያ የላቸውም፤ ቢኖራቸውም አይደፈንም ነበር፤ ቆመው አያውቁማ።

ሁለተኛ፤ ለሞተሯ ስላሳዩት ርኅራኄ አመሰግናለሁ። መኪናዋ አንዳንዴ ወጣ ብላ ስትመለስ ማራገቢያዋ ይጮህ፣ ከሥሯም የጋለ ብረት ሽታ ይወጣ ነበር። ያን ጊዜ ጥቀርሻዋን ማቃጠል ጀምራ ነበር። እርስዎ ግን ኮፈኑን በመዳፍዎ እየመቱ ልትቃጠል ነው፣ አጥፋት ይሉ ነበር። አብዲሳ አንድ ቀን እስክትጨርስ ትንሽ ልንዳት ብሎ ቢለምንዎ፣ አንተ ሾፌር ነህ እንጂ መካኒክ አይደለህም ብለው በእንግዶችዎ ፊት አሳቁበት። ራሷን ለማጽዳት በተነሳች ቁጥር እርስዎ አስቆሟት።

በዚያው ሰሞን ዘይቷ መጨመር ጀመረ። ማጣሪያውን ለማጋል ተብሎ የሚረጨው ናፍታ መንገዱ ሲቋረጥበት ወደ ዘይቱ ወርዶ ይቀላቀላል አሉ። እርስዎ ይህን እንደ በረከት ቆጥረውት ነበር። በግማሽ ዓመቱ ስብሰባ ላይ «ዘይት የማትጠጣ መኪና» ብለው ሪፖርት አቀረቡ፣ ተጨበጨበልዎ፣ ለአብዲሳም ንብረት በጥንቃቄ በመያዙ የምስጋና ወረቀት ሰጡት። ዛሬ በግዴለሽነት የሚከሱት ያንኑ አብዲሳን ነው። ወረቀቱን ባለቤቱ እስካሁን ሳሎናቸው ውስጥ ሰቅላ ይዛዋለች፤ ሰሞኑን ልጠይቃቸው ሄጄ አይቼዋለሁ።

ሦስተኛ፤ መብራቷ በበራች ጊዜ በሽታዋን ለማወቅ ስላደረጉት ጥረት አመሰግናለሁ። መጀመሪያ የወሰዳችኋት ጋራዥ የናፍታ መርጫዎቹ ቆሽሸዋል ብሎ ፈታቶ አጠባቸው። መብራቷ አልጠፋችም። ሁለተኛው ጋራዥ ናፍታው ተደባልቋል ብሎ የነዳጅ ጋኑን፣ ሳልባትዮውን፣ ገለበጠው። መብራቷ አሁንም አልጠፋችም። በመጨረሻ የኔንም ጫት ጫኝ መኪና የሚጠግነው ኢዮስያስ ተጠራ። እሱም ቱርቦው ነው ብሎ ግማሽ ቀን ፈታ፣ ምንም አላገኘበትም፣ ከዚያም እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተሳስቻለሁ አለ። ይህን ቃል ከባለሙያ አፍ መስማት እምብዛም ስለማይገጥመኝ ያን ዕለት ሻይ ጋብዤዋለሁ።

በማግሥቱ ኮምፒውተሩን ከመኪናዋ ጋር አገናኝቶ መረመራት። ማጣሪያው በጥቀርሻ እንደሞላ፣ ማቃጠሉም ደጋግሞ ተጀምሮ ደጋግሞ እንደተቋረጠ አሳየው። ቱርቦው ላይ ስለተሳሳተ በዚህ ብቻ አላመነም። ከሥሯ ገብቶ፣ ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን ግፊት የሚለኩትን ሁለት ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ተመለከተ፤ አንደኛው በሙቀት ተሰነጣጥቆ ነበር። ምናልባት ልኬቱን ያሳሳተው ይህ ይሆናል ብሎ ቱቦውን ቀየረ፣ እንደገናም ለካ። ያው ነው፤ ሞልቷል። ከዚያ የዘይቱን መለኪያ መዝዞ አሸተተው፣ አብዲሳንም አስሸተተው፣ ናፍታ ናፍታ ይላል። ይህ ሁሉ የሆነው ከመደብሬ ፊት ስለሆነ እኔም ሰማሁ፤ እርስዎም ከበርጫዎ ወጥተው መጥተው ቆመው ሰምተዋል።

መድኃኒቱንም ነገረዎት። ዘይቷ ዛሬውኑ ይቀየር፤ ከዚያ አብዲሳ ቁልቁል ወደ ቆላው ይውሰዳት፣ በቦርደዴ ሜዳ ሞተሯ በደንብ እንደጋለ ሳያቆም ይንዳትና ይመለስ፤ መብራቷ ከጠፋች ደግ፣ ካልጠፋች ማጣሪያውን አውጥቼ አጥበዋለሁ፤ ከእንግዲህ ግን ቆማ አትብራ አለ። የእርስዎ መልስ ቃል በቃል በጆሮዬ ላይ አለ።

«ባዶ መኪና ወደ ቦርደዴ የምልክበት ስምሪት የለኝም።»

ነዳጅ መቆጠብ መልካም ነገር ነው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ጥዱ ሥር በርታ የፈጀችው ናፍታ ግን ስምሪት ስለማያስፈልገው አልተቆጠረም። መብራቷም ከእንግዶችዎ አንዱን ስለረበሸችው፣ ከመኪናዋ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን ውስጥ የቀረውን ፕላስተር አውጥተው በገዛ እጅዎ ለጠፉባት። ከማዶ ሆኜ ስትስቁ ሰምቻለሁ። ጫቱን የሸጥኩልዎ እኔ ነኝ፣ የዚያን ቀን ጫት ጥሩ ነበር።

አራተኛውን ምስጋናዬን እዘለዋለሁ። በመጨረሻ እመለስበታለሁ።

አምስተኛ፤ የዚያን ቀን ወዲያው ስለወረዱ አመሰግናለሁ። ይህን ስል አልቀልድም። ኢንሳፍ መሰላ በሚገኘው ጤና ጣቢያ ጠዋት ሴት ልጅ ወልዳ፣ ልጅቷ ደህና ሆና፣ የእናትየው ደም ግን አልቆም ብሎ ጤና ጣቢያው በስልክ ሲጠራ፣ እርስዎ ጫትዎን እንኳ ሳያነሱ እንግዶችዎን ይዘው ከመኪናዋ ወርደዋል። አብዲሳ ከመንገድ ማዶ ጠርቶኝ እህትሽ ናት ሲለኝ ዕቃዬን ለጎረቤት ትቼ ገባሁ። መሰላ እስክንደርስ መኪናዋ እየተጎተተችም ቢሆን ሄደችልን። ኢንሳፍን አስገባናት፣ አዋላጇ ትዕምርት ግሉኮሱን ይዛ አብራን ወጣች፣ እኔ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አደረግሁ።

ስንመለስ ዳገቱ ላይ ስንደርስ የመኪናዋ ጉልበት ጠፋ። አብዲሳ ነዳጁን እስከ ወለሉ ይረግጣል፣ መኪናዋ ግን አትሰማም። በእግራቸው የሚሄዱ ሰዎች ቀደሙን። አንዲት እንጨት የተሸከመች ሴት ከጎናችን እየሄደች በመስኮቱ ወደ ውስጥ ታየንና ያ ረቢ ትል ነበር። አብዲሳ ያለእርስዎ ፈቃድ ምንም ማድረግ እንደማይችል ስለለመደ ስልክ ደወለልዎ። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ ስላደረገው ሁላችንም ሰማን።

«አጥፋት። ትቀዝቅዝ፣ ከዚያ ታስነሳታለህ።»

አብዲሳ ዞሮ አየኝ። ምን ልበለው? እኔ ስለ ጫት እንጂ ስለ ሞተር የማውቀው የሰማሁትን ያህል ነው። ኢዮስያስ የተናገረው ጆሮዬ ውስጥ ነበር፣ ግን የሰው አለቃ ካዘዘው በላይ ለመናገር አፌ አልታዘዘልኝም። ኢንሳፍ ናት የተናገረችው። ዓይኗን እንደከደነች፣ በደከመ ድምፅ፣ «ኦቦሌሳ ኮ» አለችው፤ ወንድሜ ማለቷ ነው፤ «አታጥፋት። ድምፁ ሲጠፋ እፈራለሁ።»

ትእዛዝ ነውና አጠፋት። መልሶ ቁልፉን ሲያዞር አልተነሳችም። ደጋግሞ ሞከረ፣ ሞተሯ እንደታፈነ ሰው ትንፋሽ ብቻ እያወጣች ቀረች። አብዲሳ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ከዚያ ወርዶ መንገዱ መሃል ቆሞ እጁን ዘርግቶ ያለፈውን ሁሉ ይለምን ጀመር። መጨረሻ ላይ የቆመልን ዓሊዩ ነው፤ የኔን ጫት የሚጭነው ሾፌር። የጫት እስሮቹን፣ ዙርባዎቹን፣ አስተካክለን በላያቸው አስተኛናት። የጫት መኪና እንዴት እንደምትበር ያውቃሉ፤ በረረች። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ስንደርስ እጄን ይዞ የነበረው እጇ ለቀቀኝ። ሐኪሞቹ ሮጠው ወጡ፣ ሞከሩ፣ አላህ ይስጣቸው። አልሆነም።

ስድስተኛ፤ ለተዕዚያ፣ ለለቅሶው፣ ስለመጡ አመሰግናለሁ። ሰው ልከው ሳይሆን ራስዎ፣ ጫማዎን በር ላይ አውልቀው ገብተው ከወንዶቹ ጋር ተቀመጡ። ሲወጡ ለኔና ለባሏ የአላህ ውሳኔ ነው፣ ምን ይደረጋል አሉን። ለሃይማኖታችን ስላሳዩት አክብሮት ጎረቤት ሁሉ አመስግኖዎታል። እኔ በቀደር አምናለሁ፤ የእህቴ ቀን የተጻፈ ቀን ነው፤ ይህን ከእርስዎ መማር አያስፈልገኝም። ነገር ግን መብራቷ ላይ ፕላስተር የለጠፈው አላህ አይደለም። በስልክ አጥፋት ያለውም አላህ አይደለም። የእርስዎን ሥራ ለእሱ ሲሰጡ እሱ ዝም ስላለ የተስማማ አይምሰልዎ።

ከቤታችን ወጥተው በማግሥቱ ማስታወቂያውን ለጠፉ። አላህ ወስኖ ከሆነ አብዲሳ ምን አጠፋ? አብዲሳ አጥፍቶ ከሆነ አላህን ለምን ጨመሩት? ሁለቱን በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዴት እንዳስማሙዋቸው ኮሚቴው ቢጠይቅዎ ደስ ይለኛል።

መኪናዋም ተጎትታ ከመጣች በኋላ እንደዳነች ሰምቻለሁ። ማጣሪያውን ቆርጠው ከፍተው፣ ውስጡን በብረት ፈልፍለው ጥለው፣ ባዶ ቆርቆሮውን መልሰው በየዱት አሉ። አሁን ጥቁር ጭስ እየተፋች ትሄዳለች። ትናንት ከሰዓት በኋላም ጥዱ ሥር፣ መስኮቷ ተዘግቶ፣ ሞተሯ በርቶ አየኋት። ጫት ግን ከኔ መግዛት ስለተዉ ከማን እንደሚገዙ አላውቅም። እኔም ብትመጡ አልሸጥላችሁም ነበር።

ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ ትንሽ ነው። ኢንሳፍን ይመልሱልኝ አልልም። ካሣም አልጠይቅም፤ የደሟን ዋጋ ከእርስዎ ጋር ቁጭ ብዬ መነጋገር አልችልም። ሐሙስ ዕለት ኮሚቴው ፊት አብዲሳ ሲቆም፣ መኪናዋን ማን እንዳጠፋት ሲጠየቅ፣ አጎንብሶ እኔ ነኝ ሊል ይችላል፤ ጠባዩን አውቀዋለሁ፤ ቁልፉን ያዞረው እጅ የእሱ ስለሆነ ራሱን ይኮንናል። እርስዎ ያን ጊዜ አጥፋ ያልኩት እኔ ነኝ ብለው አንዲት ቃል እንዲናገሩ ነው የምለምንዎ። ካልተናገሩም ችግር የለም። ባልጠራም እመጣለሁ፣ ትዕምርትም ትመጣለች፣ ኢዮስያስም ኮምፒውተሩን ይዞ ይመጣል፤ የሰማነው ድምፅ የማን እንደሆነ እንናገራለን። ወንበር ከሌለ እንቆማለን፤ እኔ መቆም ለምጃለሁ።

ረጅም ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ በዚያ ዕድሜ ውስጥም አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ እርስዎ በሚቸኩሉበት ሰዓት መኪናዎ ሳትቆም ታድርስዎ።

ከመንገድ ማዶ ሆና የሞተርዎን ድምፅ በትጋት ስታዳምጥ የኖረች፣
የቀድሞ ጫት አቅራቢዎ፣
የኢንሳፍ ታላቅ እህት፣
እናቷን ያላወቀች የአንዲት ጨቅላ አክስት፣

ጣሂራ ሐሰን

ድኅረ ጽሑፍ፤ አራተኛውን እንዳልረሳው። ገና ከመሰላ እንደወጣን፣ የኢንሳፍ ክንድ በላብ ርሶ ግሉኮሱን የያዘላት ፕላስተር ለቀቀ፣ መርፌውም ሊወጣ ሆነ። ትዕምርት የያዘችውን ጨርሳ ስለነበር የመኪናዋን የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን ከፈትን፤ ባዶ ነበር። ትዕምርት ወደ ፊት ተንጠራርታ ከመብራቷ ላይ የእርስዎን ፕላስተር ላጠችና ክንዷ ላይ ለጠፈችው። ሥሩ ያቺ ብርቱካናማ መብራት በርታ ነበር። እህቴን ለቀብር ገላዋን ሳጥብ በገዛ እጄ ከክንዷ ላይ አነሳሁት። የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ስለሆነ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። ሙጫው አሁንም ይይዛል።